ዛሬ በምን ልሂድ? የከተማ ጉዞን አመዛዝኖ የመምረጥ ዘዴ

መኪና ይሻላል፣ አውቶቡስ ወይስ ብስክሌት? በዚህ ላይ ክርክር ሲነሣ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሟገቱት ስለ ማንነታቸው ነው። አንዱ «እኔ ያለ መኪና መንቀሳቀስ አልችልም» ይላል፤ ሌላዋ ብስክሌትን ለልጆችና ለስፖርተኞች ትተዋለች፤ ሌላው ደግሞ አውቶቡስ መሳፈርን ከክብር እንደ መውረድ ይቆጥረዋል። እኔ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለጉዞው ነው ባይ ነኝ። የት ነው የምሄደው? ምን እይዛለሁ፣ ማንን አስከትላለሁ? ዘግይቼ ብደርስ ምን ይከተላል? ስመለስ ምን ያህል ጉልበት ይቀረኛል? እነዚህን ለእያንዳንዱ ጉዞ የመለሰ ሰው በምን መሄድ እንዳለበት ለመወሰን ብዙ አይቸገርም፤ መልሱም ከቀን ወደ ቀን ሊለያይ ይችላል።

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው በድንገተኛ ክፍል፣ በፈረቃ ነው። የሥራዬ ጠባይ ሦስቱንም እንድለምድ አድርጎኛል። በቀን ፈረቃ ብስክሌት፣ በማታ ፈረቃ አውቶቡስ፣ እናቴን ወደ ሐኪም ቤት ስወስድ መኪና። በመንገድ ላይ የተጎዱ ሰዎችን በእጄ ስለምቀበል ነገሩ ለእኔ ከምቾትና ከገንዘብ ያለፈ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አሠራር ለራሴ የምጠቀምበት፣ ምክር ለሚጠይቁኝ የሥራ ባልደረቦቼም የምነግራቸው ነው።

ጊዜውን ከበር እስከ በር ለኩ

ሰው ስለ ጉዞው ሲናገር የሚቆጥረው ጎማው የሚሽከረከርበትን ጊዜ ብቻ ነው። «በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው» የሚል ሰው መኪናውን ከግቢ ያወጣበትን፣ ማቆሚያ ሲፈልግ የዞረበትን፣ ካቆመበት እስከ ሥራ ቦታው የተራመደበትን ይዘለዋል። ዶናልድ ሹፕ የተባሉት አሜሪካዊ የከተማ ፕላን ምሁር ከ1927 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ከተሞች የተካሄዱ 16 ጥናቶችን ሰብስበው ነበር። በእነዚያ ጥናቶች መሠረት በተጨናነቁ የከተማ ማዕከሎች ባዶ ማቆሚያ ለማግኘት በአማካይ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በስምንት ደቂቃ ውስጥ፣ ሳይቸኩል የሚጋልብ ብስክሌተኛ 2 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

የአውቶቡስ ተሳፋሪም በተራው እስከ ፌርማታ የሚሄድበትንና የሚጠብቅበትን ይረሳል። ብስክሌተኛው ደግሞ ቁልፍ የሚፈታበትን፣ የሚቆልፍበትን፣ ደርሶ ፊቱን የሚታጠብበትንና ልብስ የሚቀይርበትን። ስለዚህ ልኬቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፦ የቤታችሁን በር ከዘጋችሁበት ደቂቃ እስከ ሥራችሁን ለመጀመር ዝግጁ እስከሆናችሁበት ደቂቃ ድረስ።

ይህንን ለሁለት ሳምንት ያህል በትንሽ ማስታወሻ ወይም በስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ የተነሣችሁበትና የደረሳችሁበት። መዝገቡ ሲሞላ አማካዩን ለማስላት አትቸኩሉ። መጀመሪያ መጥፎውን ቀን ፈልጉ። የቤታችሁን መነሻ ሰዓት የሚወስነው እሱ ነውና። አንዱ መንገድ ብዙ ጊዜ 25 ደቂቃ ፈጅቶ አልፎ አልፎ 55 ደቂቃ የሚደርስ ከሆነ፣ መዘግየት የማይፈቀድለት ሰው በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በፊት ለመውጣት ይገደዳል። ሌላው መንገድ ሁልጊዜ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ በወረቀት ላይ የዘገየ ይመስላል፤ በኑሮ ግን ፈጣኑ እሱ ነው። በእኔ ሥራ ተረካቢ ካልመጣ ተረኛው መውጣት አይችልም፤ የእኔ መዘግየት በሌላ ሰው ድካም ላይ ድካም ይጨምራል። ለዚህ ነው ከፍጥነት ይልቅ የሚታመን ሰዓትን የማስቀድመው። የብስክሌት ትልቁ ጥቅምም ለእኔ ይኸው ነው፤ መንገዱ ቢዘጋጋም ባይዘጋጋም የመድረሻ ሰዓቴ በጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይለያያል።

መኪና የግድ ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ አንድ ነገር ልንገራቸው። መንገድ ከአቅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጥቂት መኪኖች ሲጨመሩበት ሰልፉ በብዙ ይረዝማል፤ ጥቂት ሲቀነሱለትም በብዙ ይቀልላል። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ መሐል ከተማ በሚገቡ መኪኖች ላይ ለሰባት ወር ያህል የሙከራ ክፍያ ስትጥል፣ የመግቢያዎቹን መሥመር የሚያቋርጡት መኪኖች የቀነሱት በሃያ በመቶ ገደማ ነበር፤ የሰልፉ መቃለል ግን ለማንም የሚታይ ሆነ። ክፍያውም በቀጣዩ ዓመት ቋሚ ተደረገ። ከዚህ ለግለሰብ የሚተርፍ ትምህርት አለ። ከዋናው የግፊያ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መውጣት ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ የሚታይ እፎይታ ይሰጣል። የሥራ መግቢያ ሰዓታቸውን ማስተካከል የሚፈቀድላቸው ሰዎች መኪናቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሰዓታቸውን ይለውጡ።

አውቶቡስን በድግግሞሹ ምረጡ

የሕዝብ ትራንስፖርት ሲመረጥ ሰው ካርታ ላይ ወደ ቤቱ የሚቀርበውን መሥመር ይይዛል። እኔ የምይዘው ቶሎ ቶሎ የሚመጣውን ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብራመድም። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። አውቶቡሶች በየ10 ደቂቃው እኩል ተራርቀው ከመጡ፣ ሰዓት ሳያይ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው አውቶቡሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በየ20 ደቂቃው ተከታትለው ቢመጡ ግን፣ በቀን ውስጥ ያለው የአውቶቡስ ቁጥር ሳይቀንስ አማካይ ጥበቃው 10 ደቂቃ ይሆናል። የሚከታተሉበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የዘገየው አውቶቡስ በየፌርማታው ብዙ ሰው ተከማችቶ ይጠብቀዋል፤ እነሱን ሲጭን የበለጠ ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ግን የሚጭነው ሰው ስለሌለ እየፈጠነ ይደርስበታል። ስለዚህ ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ካያችሁ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው፤ በፊተኛው በር ላይ አትጋፉ።

መጠበቅ ደግሞ ከመጓዝ ይከብዳል። የትራንስፖርት ባለሙያዎች የጉዞ ምርጫን ሲያሰሉ ቆሞ የሚጠበቅን አንድ ደቂቃ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ከሚኬድ ሁለት ደቂቃ ጋር ያስተካክሉታል፤ ሰዎች በተግባር የሚያሳዩት ምርጫ እንዲህ ስለሆነ። የምታመዛዝኑት ለራሳችሁ ከሆነ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በጨለማ ወይም በዝናብ፣ መጠለያ በሌለው ፌርማታ ላይ ከሆነ ከዚያም በላይ ጨምሩበት።

መሥመር መቀየርን በተመለከተ አንድ ደንብ ይበቃል፦ ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ እንጂ ከፈጣኑ ወደ ቀርፋፋው አትቀይሩ። ከቤት ስትወጡ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ተሳፍራችሁ በየአምስት ደቂቃው ወደሚመጣው ብትቀይሩ የሚጎድልባችሁ ጥቂት ነው፤ ስትመለሱ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል። ቀርፋፋው ቢያመልጣችሁ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ እወቁ። ከዚያ ቦታ ቤታችሁ በእግር የሚደረስ ከሆነ መንገዱ ተስማሚ ነው። ካልሆነ ለምሽት መመለሻ ሌላ መላ ያስፈልጋል።

አውቶቡስ ወይም ባቡር ከሌሎቹ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እጅና ዓይን ነጻ ይሆናሉ። ማንበብ፣ ማሰብ፣ ማሸለብ ይቻላል። አርባ ደቂቃ ተቀምጦ በአውቶቡስ መሄድና ሠላሳ ደቂቃ መሪ ጨብጦ መሄድ ሲወዳደሩ፣ የኋለኛው አጭር መሆኑ ብቻ አይበቃም። ተቀምጦ መሄዱ ግን እርግጥ መሆን አለበት። መነሻ ፌርማታው ቅርብ ከሆነ ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ ከመነሻው መሳፈር የሚክስ ነው።

የመኪናን ወጪ በሁለት መዝገብ ያዙ

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ስሌት መሥራት አለባቸው። መኪና ያለው ሰው ለዛሬው ጉዞ መቁጠር ያለበት ነዳጁን፣ የማቆሚያ ክፍያውን፣ የጎማና የዘይት ድርሻውን ነው፤ የኢንሹራንስና የዓመታዊ ግብር ክፍያው መኪናው ቢቆምም የሚከፈል ነውና። ለዚህ ነው መኪና ላለው ሰው መኪናው ሁልጊዜ ርካሽ የሚመስለው። መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን ሁሉንም መደመር አለበት፦ ዋጋው በየዓመቱ የሚቀንሰውን፣ የብድሩን ወለድ፣ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውን፣ ማቆሚያውን። ድምሩን በዓመት ውስጥ ይነዳል ብሎ ለሚገምተው ኪሎ ሜትር ያካፍለው። የሚወጣው ቁጥር ከነዳጅ ወጪው ጋር አይቀራረብም።

ኢቫን ኢሊች የተባለው አሳቢ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንን ስሌት ወደ ጊዜ ለውጦት ነበር። አንድ አሜሪካዊ መኪናውን የሚነዳበትንና የመኪናውን ወጪ ለመሸፈን የሚሠራበትን ሰዓት ሁሉ ደምሮ ለተጓዘው ርቀት ሲያካፍል፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በታች ሆነ። ከፈጣን የእግር ጉዞ ብዙም አይርቅም። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ይለይ ይሆናል፤ ነገር ግን የስሌቱ መንገድ ትክክል ስለሆነ በራሳችሁ ደመወዝ ሞክሩት።

መኪና ያላቸውም ቢሆኑ አጭር ጉዞን ለመኪና ማብዛት የለባቸውም። ሞተር ሙቀቱን እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ የጭስ ማጣሪያውም ሳይሞቅ በሚገባ አይሠራም። ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ተነድቶ የሚጠፋ ሞተር ዕድሜውን በሙሉ ብርድ ላይ እንደሚሠራ ቁጠሩት፤ በዘይቱ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት እንኳን ተንኖ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። በሚያሳዝን ሁኔታ በእግርና በብስክሌት በቀላሉ የሚሸፈነውም ያው ርቀት ነው።

መኪና ትክክለኛ ምርጫ የሚሆንበትን ጊዜ ግን ያለ ሐፍረት ተጠቀሙበት። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ከአውቶቡስ ደረጃ ስትወርድ የሚሰማትን ሥቃይ ስለማውቅ እሷን ይዤ ስወጣ ሌላ ነገር አላስብም። የታመመ፣ ነፍሰ ጡር ሆና የደከመች፣ ከባድ ዕቃ የያዘ፣ በአንድ ዙር አራት ቦታ መድረስ ያለበት፣ ትራንስፖርት በሌለበት ሌሊት የሚመለስ፤ ለእነዚህ መኪና የተገባ ነው። አራት ሰው ሞልቶ የሚሄድ መኪናም ለመንገዱም ለኪሱም አንድ ሰው ከያዘው የተለየ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ የምነግራቸው በመኪና የሚሄዱበት ቀን ከሆነ ጎረቤት እንዲጠይቁ ነው።

ብስክሌት፤ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚሠራው ሥራ

ሰዎች ብስክሌትን የሚተዉት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም ከዋናው መንገድና ካልተስተካከለ ኮርቻ ይጀምራሉ። ሁለቱም አስቀድመው የሚታረሙ ናቸው።

ርቀቱን ለመገመት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስሉ። አምስት ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ ነው። ከሰባትና ስምንት ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ወይም ረጅም ዳገት ካለ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነገሩን ይለውጠዋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተራ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተሩ ከ250 ዋት አይበልጥም፤ ፍጥነቱ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስም ማገዙን ያቆማል። ይህ ለከተማ ከበቂ በላይ ነው።

መንገዱን ስትመርጡ በመኪና የምትሄዱበትን እርሱት። ፈጣን መኪና የሚበዛበትን ጎዳና የሚያስቀርላችሁን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ፈልጉ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ቢጨምር የሚጨምርባችሁ አራት ደቂቃ ነው። ከዚያም በእረፍት ቀን ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ እስከ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ሄዳችሁ ተመለሱ። የት ጉድጓድ እንዳለ፣ የትኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ መውረድና ብስክሌቱን መግፋት እንደሚሻል፣ የት እንደሚቆለፍ የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሑድ እሑድ ብዙ ጎዳናዎቿን ለመኪና ዘግታ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ ትከፍታለች፤ ዛሬ የሚዘጋው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል በሌለበት ከተማ ማለዳው ራሱ ይተካዋል።

ኮርቻውን እንዲህ አስተካክሉ። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፉና ተቀመጡበት። አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉና ተረከዛችሁን ጣሉበት። እግራችሁ ቀጥ ብሎ መዘርጋት አለበት፤ ዳሌያችሁ ወደ ጎን ሳያዘነብል። ከዚያ የእግራችሁን የፊት ክፍል ወደ ፔዳሉ ስታመጡ ጉልበታችሁ ጥቂት ይታጠፋል፤ ልኩ ይህ ነው። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ፊት ለፊቱን ያማል፤ ሰው ግን ሕመሙን የዕድሜ ያደርገዋል። ጀማሪዎች እግራቸው መሬት ሙሉ በሙሉ እንዲነካላቸው ኮርቻውን ያወርዳሉ። ቆም ስትሉ ከኮርቻው ወደ ፊት መውረድን ብትለማመዱ ይህ ፍርሃት ይጠፋል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጎማውን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት፤ ትክክለኛው የአየር መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ሁለቱንም ፍሬን ጨብጡ፤ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከተጠጋ ገመዱ መጥበቅ አለበት። ሰንሰለቱ ሲንጫጫ ዘይት ይፈልጋል። ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ በሁለት ጣት ስፋት ልክ ይቀመጥ፤ ወደ ኋላ ተገፍቶ ግንባርን ከገለጠ ጥበቃው ይቀንሳል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት፣ ስንጥቅ ባይታይበትም ይቀየራል። ሲመሽ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት የግድ ነው። ስትቆልፉ ቁልፉ የብስክሌቱን አካልና የኋላ ጎማውን ከማይነቀል ነገር ጋር ይያዝ።

አሁን በድንገተኛ ክፍል ከሚያጋጥመኝ የተነሣ ረዘም አድርጌ የምናገረውን ልናገር። በመኪኖች መካከል የሚጋልብ ሰው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከሚታጠፍ ከባድ መኪና ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ ትልቅ መኪና ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ሲፈልግ አፍንጫውን መጀመሪያ ወደ ግራ ያወጣል። በቀኙ በኩል የሚከፈተው ክፍተት ለብስክሌተኛ የሚጋብዝ ይመስላል። ከዚያ የፊቱ ጎማ ሲዞር የኋላው ጎማ የፊቱን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ጥጉ እየጠበበ ይገባል፤ ክፍተቱም ይጠፋል። ሾፌሩ በዚያ ማዕዘን ላይ ያለውን ሰው ከመቀመጫው ሆኖ ማየት አይችልም። ስለዚህ በመብራት ላይ የቆመ ከባድ መኪና ወይም አውቶቡስ ስታገኙ በጎኑ ሾልካችሁ ወደ ፊት አትለፉ። ከኋላው ቆሙ። የሾፌሩን ፊት በጎን መስታወቱ ውስጥ ካላያችሁት እሱም እናንተን አላያችሁም። በግራ በሚነዳበት አገር ደግሞ ይህንኑ ገልብጣችሁ ያዙት።

ሁለተኛው የቆመ መኪና በር ነው። ከቆሙ መኪኖች ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቢቻል ከዚያ በላይ ርቃችሁ ሂዱ፤ ከኋላችሁ ያለው መኪና ጥሩምባ ቢነፋም ወደ ጥጉ አትጠጉ። መኪና የምትነዱም በሩን ከበሩ በሚርቀው እጃችሁ ክፈቱ። እንዲህ ስታደርጉ ትከሻችሁ ይዞራል፤ ዓይናችሁም ወደ ኋላ ይመለከታል። ሆላንዳውያን አሽከርካሪዎች ይህንን ይለማመዱታል።

ስለ ፍጥነትም ላንሣ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 የሚሄደው 8 ሜትር ያህል ብቻ። በግጭት ጊዜ የሚለቀቀው ኃይል ግን ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚያድገው፤ በ50 የሚሄደው በ30 ከሚሄደው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። በአልጋ ላይ የማያቸው ሁለት ዓይነት ጉዳቶች ልዩነት እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። መኪና ስትይዙ በመኖሪያ ሠፈር ውስጥ በ30 መሄድ የሚወስድባችሁ ጊዜ ከአንድና ሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ብስክሌት ደኅና የሆነበት አገር ሁሉ እንዲሁ ሲፈጠር ደኅና አልነበረም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሲሞቱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የደረሰው የዓለም የነዳጅ ቀውስም ተጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ ነው የተለዩ የብስክሌት መንገዶች በሰፊው የተሠሩት። በከተማችሁ እንዲህ ያለ መንገድ ከሌለ ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው፤ ለከተማው አስተዳደር መጻፍም የዚህ መመሪያ አካል ነው። የት መስቀለኛ ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚያስቸግር ለይታችሁ ጻፉ።

ላብን የሚፈሩ ብዙ ናቸው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት በላይ ስለሚያድግ ጥቂት ዝግ ማለት ድካሙን በብዙ ይቀንሳል። የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በርጋታ ጋልቡ፤ ሰውነት እየቀዘቀዘ ይደርሳል። ቦርሳን ከጀርባ አውርዶ ከኋላ መጫኛው ላይ ማሰርም ሸሚዝን ያተርፋል። ለጤና ያለው ጥቅም ደግሞ በጥሩ ስሌት ይገለጻል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአምስት የሥራ ቀን፣ ሲሄዱ 15፣ ሲመለሱ 15 ደቂቃ የሚጋልብ ሰው ይህን ያለ ተጨማሪ ጊዜ አሟልቷል።

የደከመ ሰው መሪ አይያዝ

ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። በብዙ አገሮች ይህ መጠን መንዳት የሚከለከልበት ወሰን ነው። ከማታ ፈረቃ የሚወጣ ነርስ፣ ጥበቃ፣ ዳቦ ጋጋሪ ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ነቅቶ ቆይቷል። ስለዚህ ምርጫችሁን ስትወስኑ የመሄጃውን ሳይሆን የመመለሻውን ሁኔታ አስቡ። መኪናችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይዛችሁ መመለስ አለባችሁ። እኔ ማታ የምገባበት ቀን አውቶቡስ የምይዘው ጠዋት ስወጣ በሌላ ሰው መሪ እንድመለስ ነው። መድኃኒት የሚያንቀላፋቸው ሰዎችም በዚሁ መንገድ ያስቡ፤ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ መንዳትን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ ካለ ለብስክሌትም ይሠራል።

አንድ ቀን ከልማድ ውጡ

በየካቲት ወር 2014 እ.ኤ.አ. የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኞች አድማ መትተው ከጣቢያዎቹ ብዙዎቹ ለሁለት ቀን ያህል ተዘጉ። ተጓዦች ሌላ መንገድ ለመፈለግ ተገደዱ። በኋላ የጉዞ ካርዶቹን መረጃ ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች እንዳገኙት፣ አድማው ካበቃ በኋላ ከሃያ ሰው አንዱ ያህል ወደ ቀድሞ መንገዱ አልተመለሰም። የተሻለ መንገድ ነበረው፤ ሳይሞክር ስለቆየ ግን አያውቀውም ነበር። አድማ እስኪመጣ አትጠብቁ። በሳምንት ውስጥ ሥራ የማይበዛበትንና ቢዘገዩ ችግር የማይፈጥረውን ቀን ምረጡና በሌላ መጓጓዣ ሂዱ፤ ለአንድ ወር። አንድ ቀን ብቻ ሞክሮ መተው ፍርድ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ጉዞ መንገድ በመፈለግ ያልቃልና።

ማቀላቀልንም አትርሱ። ቤታችሁ ከባቡር ጣቢያ 3 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ በእግር ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚወስደው በብስክሌት 12 ደቂቃ ነው። በጣቢያው የሚታመን መቆለፊያ ካለ ሩቅ የነበረው ባቡር ቅርብ ሆነ ማለት ነው። መኪናን ከከተማው ዳር አቁሞ መሐሉን በባቡር መጨረስም የማቆሚያ ፍለጋውን ያስቀራል።

ውሳኔውን ማታ ጨርሱት። ጠዋት ላይ፣ በጥድፊያ መካከል የሚያሸንፈው የተለመደው ነው። እኔ ማታ የነገውን ፈረቃና የአየሩን ሁኔታ ካየሁ በኋላ ወይ የብስክሌቱን ቁልፍ፣ ወይ የአውቶቡስ ካርዱን፣ ወይ የመኪናውን ቁልፍ ከቦርሳዬ ጋር አስቀምጣለሁ። ጠዋት የሚቀረኝ መውጣት ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ አማርጦ የመጓዝ ነጻነት ከሁሉ በላይ የሚወሰነው ግን ቤት በሚከራዩበት ወይም በሚገዙበት ቀን ነው። ራቅ ያለ ቤት በኪራይ ያተረፈውን በመንገድ ሊያስከፍል፣ ሦስቱንም ምርጫ ወደ አንድ ሊያጠብ ይችላል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ በሥራ ቀን፣ በግፊያው ሰዓት፣ ከዚያ ቤት በር ተነሥታችሁ እስከ ሥራ ቦታችሁ ሄዳችሁ ሰዓቱን መዝግቡ፤ ማታም ተመለሱበት። በአቅራቢያው ያለው ፌርማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ እዚያው ቆመው የሚጠብቁትን ሰዎች ጠይቁ። ብስክሌት የሚያስገቡበት ደረጃ የሌለው መግቢያ መኖሩንም አከራዩን ጠይቁ።